አንዱ ደውል ለሰላምታ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ደውሉን መታሁት፤ የሰማኝ ግን አልነበረም።

ዘመኑ ስድሳ አንድ ነው፤ ቦታው አሰላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ባሌ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ዲሬክተሩ ከግቢው በር አጠገብ ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ አሳዩኝና አጭር ብረት በእጄ አስያዙኝ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ደውላችን ይሄ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ትመቺዋለሽ፤ ቀሪውን ጊዜ አዳራሹን ታጸጃለሽ» አሉኝ። ሰዓቱ ደረሰ፤ ሄጄ መታሁት። አንድ ክፍል እንኳ ንቅንቅ አላለም። ዲሬክተሩ ከቢሯቸው ብቅ ብለው፣ «ለማን ነው የደወልሽው? ለራስሽ ነው?» አሉኝ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ከመነሻው ልናገረውና ልረፍ። የፈሪ እናት አታለቅስም ይባላል፤ ፈሪዋ እናትየዋ ራሷ ስትሆን ምን እንደሚባል ግን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ጠንከር አድርጌ ብመታው የሚቆጣኝ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ዘበኛው ብረቱን ከእጄ ተቀብሎ አንዴ ሲያቀምሰው ጭላሎ ተራራ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። «እንዲህ ነው እህቴ። ደውል አያፍርም» አለኝ።

የአዳራሹ ሥራ ቶሎ ገባኝ። ወለሉ ጣውላ ነው። መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፎ መጥረግ፣ ከዚያ ናፍጣ በነካ ጨርቅ መወልወል፣ ከዚያ በደረቅ ጆንያ ማሸት። ክረምት ሲገባ ተማሪው የአርሲን ጭቃ በጫማው ይዞ ስለሚመጣ በአሮጌ ቢላ ይፋቃል። አግዳሚ ወንበሮቹ ለሁለት ሰው ናቸው፤ ሁለተኛ ሰው ግን የለም። ስለዚህ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጌ ከሥሩ ጆንያ አስገባለሁ፣ በጆንያው እጎትታለሁ። ይህን ለዛሬዎቹ ጽዳቶች የምነግራችሁ ወገባችሁን እንድታተርፉ ብዬ ነው።

ማዕረጋችን እንዲህ ነበር፤ ከላይ ዲሬክተሩ፣ ቀጥሎ ምክትላቸው፣ ከዚያ ዩኒት ሊደሩ፣ መምህራኑ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ዘበኛው፤ ከሁሉ ታች እኔ። ዘበኛው ግን፣ «አስካለ ካልመታች ዲሬክተሩም ምሳ አይበሉም» እያለ ያሾፍ ነበር። እዚያው ትምህርት ቤት በማታው ክፍል ገብቼ እስከ አራተኛ ድረስ ፊደል ቆጥሬያለሁ። የምጽፈው በዚያችው ነው።

በስድሳ አምስት መምህር ታደሰ የሚባሉ የታሪክ አስተማሪ ከአዲስ አበባ መጡ። ወጣት ናቸው፤ ሲራመዱ የሚሮጡ ይመስላሉ። አንድ አርብ አዳራሽ ድረስ መጡና፣ «እትዬ አስካለ፣ ነገ ከሰዓት አዳራሹን እፈልገዋለሁ። አገሮች ይመጣሉ» አሉኝ።

«የትኞቹ አገሮች?»

«ወንዝ ያጣላቸው አገሮች ናቸው። ጉባኤ ይቀመጣሉ።»

ከዚህ በላይ ለመጠየቅ አፈርኩ። ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ። መስታወቱን በጋዜጣ አሸሁ። የክት ነጠላዬን ለብሼ በማግስቱ በሩን ከፍቼ እጅ ነስቼ ቆምኩ። አምባሳደር እጠብቃለሁ፤ ካርቶን በደረቷ አንጠልጥላ የገባችው ልጄ ትርንጎ ናት። ካርቶኑ ላይ «ሰልዳ» ተብሎ ተጽፏል። «እማዬ፣ ምነው ነጠላ? ማን ሞተ?» አለችኝ።

ነገሩ የተማሪ ጨዋታ ነበር። ሰልዳም ማርኖም በምድር ላይ የሉም፤ መምህር ታደሰ የፈጠሯቸው አገሮች ናቸው። ማርኖ ከላይ፣ ሰልዳ ከታች፣ በሁለቱ መካከል አንድ ወንዝ። ማርኖ ወንዙን ሊገድብ ይፈልጋል፤ ሰልዳ ደግሞ ውሃ ካጣ ከብቱ ያልቃል። ከዲክሲስና ከሁሩታ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ጎረቤት አገሮች ሆነው ይቀመጣሉ። ሲናገሩ «እኔ» ማለት የለም፤ «አገሬ» ነው የሚባለው። አሥር ሰዓት ላይ እኔ ደውል እመታለሁ። እስከዚያ ካልተስማሙ ማርኖ እንዳሻው ይገድባል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ነበር። «እነዚህ ልጆች ነገ ለአገራቸው የሚነጋገሩ ናቸው፤ ከአሁኑ ይልመዱት» ይሉ ነበር መምህር ታደሰ።

የማርኖ መልእክተኛ ከድር ነበር። ከድር የጎረቤቴ የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ ነው። ሱቅ አላቸው፤ ግቢያቸው ከእኛ ከፍ ብሎ ነው፤ የሚለየን አጥር ብቻ። ቧንቧ ያለው እነሱ ግቢ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ውሃ የምንቀዳው ከዚያ ሲሆን ወይዘሮ ፋጡማ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራብን አታውቅም። ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አብረው ነው የሚሄዱት። ከድር አብሯት ካለ ለትርንጎ መንገድ አልፈራም። ማለቴ፣ በመጠኑ ነው የምፈራው።

ስለዚህ በዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ ከገቡ በኋላ ወንበር ሳዘጋጅ ጎረቤት ናቸው ብዬ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። መምህር ታደሰ ሳቁና፣ «ፊት ለፊት ይሁኑ እትዬ፤ የተጣሉ ናቸው» አሉኝ። ያች ቃል አልተስማማችኝም፤ ወንበሩን ግን ጎተትኩ።

ጉባኤው ተከፈተ። ከድር ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ።

«የተከበርሽ የሰልዳ መልእክተኛ፣ አከም? ነጋ? ፈያ?»

«ደህና ነን፤ እናንተስ?» አለች ትርንጎ።

«አልሐምዱሊላሂ። ሎን ነጋ? ከብቶቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ጥጆቹስ? ያቺ ቦቃዋ ላምስ ወለደች? ገብሱስ? ውርጭ አላገኘውም? አጎትሽስ ተሻላቸው?»

«የትኛው አጎቴ?»

«የሰልዳው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎም እየሳቀች መለሰች። ምን ታድርግ? እኛ አገር የጠየቀህን ሰው ሳትመልስለትና መልሰህ ሳትጠይቀው ወደ ጉዳይ አይገባም። ይህ በአርሲ ገበያም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በቢሮም ያው ነው። ከድር አንዱን ሲጨርስ ሌላውን እያነሣ ዝናቡን፣ ንቡን፣ ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን በቅሎ ሁሉ ጠየቀ። ወንዙ ሳይነሣ አሥር ሰዓት ሆነ፤ ደወልኩ። ማርኖ ገደበ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ትርንጎ ካርቶኗን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «መምህር! ይሄ ልጅ ሰላም እያለኝ አይደለም፤ ሰዓቴን እየበላብኝ ነው!»

መምህር ታደሰ ከድርን አልተቆጡም። «ያደረገው ሞኝነት አይደለም። ጊዜ የሚጠቅመው ወገን ይዘገያል፤ በትልቁ ዓለምም እንዲሁ ነው» ብለው ለክፍሉ አስረዱ። ከዚያ ወሰኑ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በጉባኤው ውስጥ ሰላምታ የለም። ትገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ወደ ጉዳዩ ትሄዳላችሁ።»

ትርንጎ ያን ዕለት እየዘለለች ነው ቤት የገባችው።

ሰላምታው ከቀረ በኋላ ግን አዳራሹ በረደው። በበሩ ቀዳዳ አያቸዋለሁ፤ ልጆቹ እንደገቡ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይቀመጣሉ። ሰልዳ፣ «ማርኖ ስግብግብ ነው» አለች። ማርኖ ደግሞ፣ «ሰልዳ የሰው ውሃ ለማኝ ናት» አለ። ከድር ይህን ያለው ለጨዋታው ነው፤ እስከ ዛሬ በአላህ ስም ይምላል፤ እኔም አምነዋለሁ። ልጄ ግን ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከማን ቧንቧ እንደምንቀዳ ታውቃለቻ።

ሰኞ ጠዋት በእነ ከድር በር ሳትቆም አለፈች። «ከማርኖ ጋር ሰላምታ ተከልክሏል» አለችኝ። ከድርም እልኸኛ ነው፤ በዚያኛው የመንገድ ዳር ሄደ። ከትምህርት ስትመለስ እንስራዋን አዘለችና ቧንቧውን አልፋ ታች ወንዝ ወረደች።

እዚህ ከተማ ሰው ሰላም ሳይልህ ካለፈ ተጣልቷል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ገና ሳይመሽ ወይዘሮ ፋጡማ በአጥሩ በኩል ተጣራች።

«የትርንጎ እናት!»

«አቤት፣ የከድር እናት።»

«ልጅሽ በበሬ አልፋ ወንዝ ወረደች። ውሃዬ መረረ?»

«ኧረ በማርያም! ጨዋታ ነው፣ የትምህርት ቤት ጨዋታ…»

«ሰላምታ የሚያስተው ጨዋታ አለ? ልጄም ቀና ብሎ አያያትም። የደበቅሽኝ ነገር ካለ ንገሪኝ። አሥር ዓመት እሳት ተጫጭረናል።»

ፍርሃቴ እንደ ጉንዳን ከእግሬ ጀምሮ ወጣብኝ። ነገ ልጄ ብቻዋን መንገድ ልትሄድ ነው። ነገ ብታመም በአጥሩ የምጣራት ሴት ላትመጣ ነው። መምህር ታደሰ ዘንድ ሄጄ «ሰላምታውን ይመልሱ» ማለት ነበረብኝ፤ ጽዳት ሆኜ ለአስተማሪ ትምህርት ላርም? እንጀራዬስ? አልደፈርኩም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ ሽማግሌ ጠራሁ።

ኦቦ ቱፋ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ያስታርቃሉ። «ኦቦ፣ ልጄና የጎረቤቴ ልጅ ሰላምታ አቁመዋል» አልኳቸው። ምክንያቱን አልጠየቁኝም። በትራቸውን አነሡ። እሑድ በወይዘሮ ፋጡማ ግቢ፣ ቧንቧው አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጥን።

«ያጣላችሁ ምንድን ነው?» አሉ።

«ወንዝ ነው ኦቦ» አለ ከድር አንገቱን ደፍቶ።

«ወንዝ? እርሻ የላችሁ፣ ከብት የላችሁ! የትኛው ወንዝ?»

ትርንጎ በቀጭን ድምፅ፣ «የሌለ ወንዝ ነው» አለች።

ወይዘሮ ፋጡማ በሻሿ አፏን ያዘች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌ ለጨዋታ ጠርታ አስቀመጠች ተብሎ መሳቂያ ልሆን ነው። ኦቦ ቱፋ ግን አልሳቁም። «የሌለ ወንዝ እንዲህ ካደረጋችሁ ያለው ምን ሊያደርጋችሁ ነው?» አሉ። «ሰላምታውን ማቆም ማን ጀመረ?»

«መምህራችን ከለከለን።»

«እንግዲያውስ መምህሩን ጥሩልኝ።»

ከድር ሮጠ። አለቀልኝ አልኩ። መምህር ታደሰ ግን መጡ፤ ኮታቸውን አጥፈው ከእኛ ጋር ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ኦቦ ቱፋ መጀመሪያ ስለ እናታቸው፣ ስለ አባታቸው፣ ስለ መጡበት መንገድ ጠየቋቸው። መምህሩ ሁሉንም መለሱ፤ መልሰውም ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ነው ነገር የተጀመረው።

«ልጄ፣ ሰላምታን ለምን ከለከልክ?»

«ይሄ ከድር ነው ኦቦ። ከብት ሲጠይቅ ሰዓቱን እየጨረሰ አስቸገረኝ።»

ኦቦ ቱፋ ወደ ከድር ዞሩ። «ስንት ከብት ጠየቅክ?»

«የሰልዳን ሁሉ። አንድ በአንድ፣ በየመልካቸው።»

ያኔ ሽማግሌው ሳቁ። በትራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ነው የሳቁት። «ይሄ ልጅ ጃርሳ ይሆናል» አሉ፤ እንደ እሳቸው ሽማግሌ ማለታቸው ነው፤ «መጥፎ ጃርሳ።» ከዚያ ለመምህሩ፣ «በበር ሌባ ገባ ተብሎ በር ይነቀላል እንዴ?» አሏቸው።

«አይነቀልም። ግን ኦቦ፣ ሌባውንም እንዲህ ልተወው አልችልም። ሰው ይጠየቅ፣ ከብት ይቅር።»

«ከብት ካልተጠየቀ ሰላምታ አይደለም።»

«እሺ፣ ከብት ይግባ። ጥጃ ይቅር።»

ወይዘሮ ፋጡማ አላስቻላትም። «ጥጃ የሌለው ከብት ምን ከብት ነው!»

እንዲህ ሲደራደሩ ትርንጎ ብድግ አለች። «ሁለት ደውል ይሁን። አንዱ ለሰላምታ፣ አንዱ ለንግግሩ። እስከ መጀመሪያው ደውል ዝንጀሮም ቢጠይቅ እመልስለታለሁ። ከደውሉ በኋላ ግን ወንዝ ብቻ።»

መምህሩ ኦቦ ቱፋን አዩ፤ ኦቦ ቱፋ መምህሩን አዩ። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ቱፋ ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

«ደውሉን የሚመታው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ የልጅቷ እናት ነሽ።» ወደ ወይዘሮ ፋጡማ ዞሩ። «ታምኛታለሽ?»

ወይዘሮ ፋጡማ ቧንቧውን አየችና፣ «ውሃዬን ካመኑኝ ደውሏን አምናታለሁ» አለች።

ትርንጎ አጥሩን ዞራ ሄደች፤ እንስራዋን ይዛ ተመለሰች። ከድር ቧንቧውን ከፈተላት። እንስራው ሲሞላ ከድር፣ «ሎን ነጋ?» አላት። «ጠጥተው ይመለሳሉ» አለችው።

ቀጥሎ የመጣው ቅዳሜ ለዚያ ዓመት የመጨረሻው ጉባኤ ነበር። ወይዘሮ ፋጡማ ሱቋን ዘግታ መጥታ በአዳራሹ መስኮት በኩል ቆመች። ልጇን ለማየት ነው ትላለች።

ከድር ሰላምታውን ጀመረ፤ ትርንጎ መለሰች። ከቦቃዋ ላም ወደ ጥጃዋ ሲሻገር የመጀመሪያውን ደውል መታሁ። አፉን እንደከፈተ ተቀመጠ፤ አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የመሰለ አይቼ አላውቅም። ትርንጎ «ውሃ ስጡን» አላለችም። «የማርኖ መልእክተኛ፣ ውሃውን የምትፈልጉት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ለስንዴ» አለ። «ስንዴያችሁ የሚጠማው መቼ ነው?» «በበጋው መጀመሪያ» አላት። «የእኛ ከብት የሚጠማው ደግሞ በበጋው መጨረሻ ነው» አለች። ከዲክሲስ የመጣው ልጅ ተነሥቶ፣ «እንግዲያው የምትጣሉት በምንድን ነው?» አለ። ሳቁ፤ ግን ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። የቀራቸው የግድቡን በር ማን ይከፍታል የሚለው ብቻ ነበር።

እኔ ቸርኬው ሥር ብረት ይዤ ቆሜያለሁ። የአዳራሹ በር ክፍት ነው። ሰዓቱ ደረሰ። ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሌባ ጣቷን ከፍ አደረገች። አንድ ጊዜ እማዬ፣ ማለቷ ነው። ያችን ጣት ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እምቢ ብያት አላውቅም። በመስኮቱ በኩል ወይዘሮ ፋጡማም ዞራ አየችኝ።

ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ደውል መምታት እፈራ ነበር። የዚያን ቀን አለመምታት ፈራሁ። መታሁት። ዘበኛው ከበሩ፣ «እሰይ!» አለ።

መምህር ታደሰ ተነሡ። «ጉባኤው ያለ ስምምነት ተፈጽሟል። ማርኖ ይገድባል።»

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ ቀድማኝ ተራመደች። ገበያው ጋ ስንደርስ፣ «አንድ ቃል ነበር የቀረን» አለች።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ትንሽ ብትቆዪ ምናለ?»

«የከድር እናት መስኮቱ ላይ ነበረች።»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከኋላችን የሩጫ ድምፅ ሰማን፤ ከድር ነው፤ ካርቶኑ አሁንም ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። «የተከበርሽ የሰልዳ መልእክተኛ! ሎን ነጋ?»

ልትስቅ አልፈለገችም ነበር። «ገድበህባቸው በምን ደህና ይሆናሉ?» አለችው፤ ሳቋም አመለጣት። እየተከራከሩ ፊት ፊቴ ሄዱ። አጥራችን ጋ ሲደርሱ ተስማምተው ነበር፤ የግድቡ በር ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በማርኖ፣ አንዱ በሰልዳ እጅ። ሰኞ ለመምህራቸው ነገሯቸው። «ጎበዞች ናችሁ፤ ደውሉ ግን ተደውሏል» አሏቸው። ወይዘሮ ፋጡማ በአጥሩ በኩል አንድ ሰሃን ትኩስ ጨጨብሳ አቀበለችኝ።

ስድሳ ስድስት ሲመጣ ጨዋታው ቀረ። ተማሪው ትምህርት አቆመ፤ በየቦታው ጩኸት ሆነ። አንድ ጠዋት ደውል ሳልመታ ክፍሎቹ ሁሉ ወጡ። በሩ አካባቢ ፖሊሶች ነበሩ፤ ድንጋይ ሲወረወር፣ ሰው ሲሮጥ ይሰማል። ትርንጎ ከመሀሉ ናት። እኔ አዳራሹን ከውስጥ ቆልፌ መወልወያዬን አቅፌ ቆምኩ። የእመቤታችንን ስም ደጋግሜ ጠራሁ።

የኋላው በር ተንኳኳ። ስከፍት ከድር ነው፤ ትርንጎን በእጅጌዋ ይዟታል። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸዋል። የከድር ግንባር ደምቷል። አስገባኋቸው፤ ቆለፍኩ። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ እንኳ አልጠበቀም።

«እትዬ አስካለ፣ ደህና አደሩ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? እናትህስ ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላሂ፣ ደህና ናት።»

ከዚያ በኋላ ነው ምን እንደሆነ የጠየቅኳቸው። ግንባሩን በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩለት። ውጭው ጸጥ እስኪል ሦስታችን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ሲጨላልም ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ቤት ሄዱ፤ እኔ ከኋላቸው።

አሁንም እፈራለሁ። ልጄ ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ ከድርም እንዲሁ። ደውሉ ግን አሁንም በእኔ እጅ ነው፤ ነገ ከናንተ የአንዳችሁ ይሆናል። ለምትረከቡኝ የምለው ይህን ነው። የሰላምታውን ደውል አታፍጥኑት። የመጨረሻውን ደግሞ ለልጃችሁም ቢሆን አታዘግዩት።